ላሟ መርጣ የበላችው አገዳ

አዳማ አቅራቢያ ባለ አንድ የምርምር ጣቢያ በማሽላ ማዳቀል ሥራ ላይ ነኝ። የእኛ ቡድን የሚፈልገው ፍሬው እንዳለ ሆኖ አገዳው ለነዳጅ የሚመች ዝርያ ነው። አገዳ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ የተባለ ቃጫ በኢንዛይም (በአፍራሽ ንጥረ ነገር) ሲፈርስ ስኳር ይወጣዋል፤ ስኳሩን እርሾ ለነዳጅ የሚሆን ኤታኖል ያደርገዋል። አስቸጋሪው ሊግኒን ነው። ሴሉሎሱን እንደ ሲሚንቶ አጣብቆ ይይዝና ኢንዛይሙን አያስጠጋም። ስለዚህ ሊግኒኑ የቀነሰ ማሽላ እንፈልጋለን።

ምልክቱ በዓይን ይታያል። ቅጠሉን ስትገለብጡት የመሀሉ ጅማት ቡናማ ነው። ይህ ባሕርይ በበቆሎ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ውስጥ ነው። በማሽላ ደግሞ ዘሩን በኬሚካል አክመው ያስገኙት ተመራማሪዎች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ አደረጉ።

ኅዳር ላይ አጭደን፣ ናሙናዎቹን ቁጥር ለጥፈን መጋዘን ውስጥ ደረደርናቸው። ሰኞ ጠዋት ስንመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጎረቤት ላም ገብታ አድራለች! ኃላፊያችን ራሱን ያዘ፤ የአንድ ወቅት ልፋት ነው። እኔ ግን ወለሉን ሳይ ደነቀኝ። ቡናማ ጅማት ያላቸው እስሮች አገዳቸው ሳይቀር ተቆርጥሞ አልቋል። አጠገባቸው የነበሩት የተለመዱት ዝርያዎች ግን ቅጠላቸው ብቻ ተለቅሞ አገዳቸው እንዳለ ቀርቷል።

ነገሩ ሲታሰብ ልክ ነው። በላሟ ሆድ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያንም ሴሉሎሱን ለማፍረስ የሚታገሉት ከዚያው ሊግኒን ጋር ነው።

የላሟ ባለቤት ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። የተረፈውን ቁራጭ አንስተው አገላበጡት።

«ልጄ፣ ይህን ዘር መቼ ነው የምትሰጡን?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ለነዳጅ ነው የታሰበው።»

«ለነዳጅ? ከብቶቼስ ምን ይብሉ?» አሉኝ። ቀጥለው አገዳውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ቀጭ አለ። «ይሄንንማ ንፋስ ይጥለዋል።»

ሁለቱም ጥያቄ የእኛ ሥራ ውስጥ መኖር ነበረበት። ሊግኒን ሲቀንስ ሰብሉ የመጋሸብ፣ ማለትም መሬት ላይ የመተኛት፣ ዕድሉ ይጨምራል፤ የጋሸበ ማሽላ ፍሬውም ይበላሻል። በእኛ አካባቢ ደግሞ አገዳ ትርፍ ነገር አይደለም። መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። በጋ ሲጠና ጭድ ምን ያህል እንደሚወደድ አዳማ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። ገበሬው ከከብቱ አፍ ነጥቆ ለፋብሪካ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ዝርያ፣ ስኳሩ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ማሳ ላይ አይቆይም ባይ ነኝ።

አሁን ከንፋስ በኋላ የወደቀውን እንቆጥራለን። ቅጠሉንና የላይኛውን ለመኖ፣ ወፍራሙን የታችኛውን ለነዳጅ ለይተን እንመዝናለን። በመስክ ቀን እማማንም ጠራናቸው። እያንዳንዱን መደብ እየዞሩ አገዳውን እየጎነበሱ ነካኩ። የመረጡት በስኳር ሁለተኛ የወጣውን ነው፤ አገዳው ጠንከር ይላል። በመጪው ክረምት በሰፊው የምንዘራው እሱን ነው።