ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነሳም ደብሮኝ ነበር። የጥቅምት ብርድ ነው መሰለኝ። ወይ ማክሰኞ ስለሆነ።

ማሙሽ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አንዱን ካልሲ አድርጓል፣ ሌላው እጁ ላይ ነው። "እማ፣ ጉሮሮዬን" አለኝ። ሰዓቱ 12፡40። ሰርቪሱ 1፡10 ሲል በር ላይ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ቴርሞሜትሩን ብብቱ ስር ከተትኩለት። 37.6።

ይሄ ምን የሚሉት ቁጥር ነው? 38 ቢል አርፌ ዩኒፎርሙን አስወልቀው ነበር። 36.8 ቢል ምሳ ዕቃውን አስይዤ እሸኘዋለሁ። በብብት ሲለካ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ 38 ሊሆን ይችላል። ወይም ብርድ ልብሱ አሙቆት ይሆናል።

ሽሮፑን አየሁት። አምና አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ፓራሲታሞል አጠጥቼ፣ ግንባሩ በረድ ሲል ሰርቪስ ላይ ጫንኩት። መድኃኒቱ የሚይዘው ግን አራት፣ ቢበዛ ስድስት ሰዓት ነው። ምሳ ሳይደርስ ተደወለልኝ። "የማሙሽ እናት፣ ልጁ እንደ እሳት እየነደደ ነው፤ መጥተው ይውሰዱት።" የመምህሯ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ካልቆየ አትመልሱት ነው የሚሉት። ዛሬ ከቀረ ነገም ቀረ ማለት ነው። የዓመት ፈቃዴን በጣቴ ቆጠርኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሲጀምር 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ለሠርግም ለሐዘንም ሦስት ሦስት ቀን አለው። "ልጄን አተኮሰው" የሚል ፈቃድ ግን አላየሁበትም።

ደግሞስ በእውነት አሞታል? ትናንት ማታ የሒሳብ ፈተና አለብኝ ሲል የነበረው ይሄው ልጅ አይደል?

ሌባ እናት ልጇን አታምንም።

ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። የሻይ ብርጭቆ፣ ገና ትኩስ የተቀዳበትን፣ ግንባሬ ላይ ተጭኜ ቆየሁና እማዬን ጠራኋት። በእጇ ጀርባ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፣ ቀጥላ አንገቴን። "ምች ነው" አለች። ጓሮ ወርዳ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬንና ግንባሬን ቀባችኝ። ከዚያ ምድጃው ዳር አስቀመጠችኝና ቡና ቆላች። እኔ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ እሷ ስለ ልጅነቷ እያወራችኝ፣ እስከ በረካ ደረስን። ያን ዓመት አባዬ ፊልድ ነበር። ቤቱ ጭር ያለ ነበር።

አንድ ነገር አለ። ኋላ መስታወት ሳይ፣ ግንባሬ ላይ የብርጭቆው ቂጥ ያተመው ክብ ቀይ ምልክት ነበር። ልክ እንደ ማኅተም። እማዬ ምች በክብ እንደማይወጣ ጠፍቷት ነው? ታዲያ ለምን ዝም አለች? ያን ቀን ከትምህርት ቤት ያስቀረችኝ ለእኔ ብላ ነው ወይስ ለራሷ? ጠዋት ደውዬላት ነበር። ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን። "ዳማከሴ ቀባሽው?" አለችኝ። ሌላውን አልጠየቅኳትም።

ሰርቪሱ ሁለት ጊዜ አንባርቆ ሄደ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "ልጄ..." ብዬ ስጀምር፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሳልኩ። "ወይኔ፣ አንቺንም ያዘሽ? በቃ ተኚ፣ እንዳትመጪ" አለች። እሺ አልኳት።

አሁን አራት ሰዓት ነው። ማሙሽ የሶፋውን ትራስ ጎል አድርጎ ካልሲውን ጠቅልሎ ይመታል። ቴርሞሜትሩ የት እንደገባ እንጃ። እኔ ቡና ጥጃለሁ።

ነገ ቢሮ ሳል ይዤ መግባት አለብኝ። ደረቅ ይሁን አክታ ያለው ገና አልወሰንኩም።