የነጠላው ሌላኛው ጫፍ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ከፍቶኛል። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለኝም። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ዋጥ አድርጓታል፣ በራችን ላይ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም። ያ ሰው ትናንት በስልክ ያለኝ ነገርም ሳይከነክነኝ አልቀረም። እሱን ግን ዛሬ አልጽፈውም።

ከሰዓት ቡና ተፈላ። ቶናው ላይ ከምድጃው ፍም ተፈናጥሮ የእማዬን ነጠላ አቃጠለው። ጥለቱ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ። "እንኳን ሰው ላይ አልወደቀ" አለችና መነጽሯን አስመጣች። "ነይ እስቲ ክሩን አስገቢልኝ፣ ዓይኔ እንቢ ብሏል።"

አስገባሁላትና እጇን እያየሁ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ በመቀስ የተቃጠለውን ጠርዝ ቆራረጠች፣ ደህና ክር እስክታገኝ። ከዚያ ነጠላውን አጥፋ ሌላኛውን ጫፍ ከተበላሸው ጎን አመጣችው፤ ጥለቱ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ነው። ደህናውን በሁለት አውራ ጣቷ ወጠር አደረገችው፣ ድርና ማጉ ፈታ እንዲልላት። ከዚያ በለሆሳስ መቁጠር ጀመረች። ቀይ፣ ቀይ፣ ቢጫ።

እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ በሐሳቤ ሬክኤ ጋ ሄድኩ። በማስተርስ ሥራዬ ሰሞን አጠገቤ የነበራችሁ ይሄን ስም ታስታውሱታላችሁ።

ሬክኤ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። 352 አሚኖ አሲድ፣ በቃ። ጥንድ ክር የሆነው ዲኤንኤ ሲበጠስ ግን እየተደረደረ ብቻውን በተራቆተው ክር ላይ ይጠመጠማል፣ በአንድ ዙር ስድስት ያህል ሆኖ። ከሱ በፊት መቀስ የሚይዝም አለ፣ ሬክቢሲዲ የሚባል ሌላ ፕሮቲን። ሁለት ሞተር አለው፣ እያንዳንዱ በየክሩ ላይ የሚሮጥ። የተበጠሰውን ጫፍ እየከረከመ ይሄድና ቺ የምትባል ባለ ስምንት የዲኤንኤ ፊደል ምልክት ሲያገኝ ጠባዩ ይለወጣል። አንደኛውን ክር መከርከም ትቶ ሬክኤን ይጭንበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎቹ እነ ዊግሊ የሬክቢሲዲን ቅርጽ ሲያወጡት ጥንዱን ክር ለሁለት የሚሰነጥቅ እንደ ሹል ነገር ውስጡ ታየ። ያን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ለጥፌው ነበር።

ልቤን የወሰደው ግን ሬክኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 እነ ስቲትዝ ቅርጹን አሳዩን፣ ያኔ ግን ባዶ እጁን ነበር። ዲኤንኤውን እንደጨበጠ ያየነው በ2008 በእነ ፓቭሌቲች ሥራ ነው። ክሩን ከተለመደው ርዝመቱ አንድ ተኩል ያህል ይወጥረዋል። እኩል ግን አይደለም። ሦስት ፊደል እንደ ወትሮው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ክፍተት፣ እንደገና ሦስት፣ እንደገና ክፍተት። እንዲህ ሆኖ በባክቴሪያው 4.6 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ውስጥ አቻውን ይፈልጋል፣ የጎደለው ከሱ እንዲቀዳ። ካልገጠመ ይለቃል። ከገጠመ አይለቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ሳነበው መወጠሩ ቁጥር ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ የእማዬን አውራ ጣት ሳይ ነው ሰውነቴ ውስጥ የገባው።

መጨረሻ ላይ የተጠላለፉትን ክሮች እነ ሩቭሲ የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ቆርጠው ያላቅቋቸዋል፣ እሱ ለሌላ ቀን።

የሬክኤ ዘመድ እኛም ውስጥ አለ፣ ራድ51 ይባላል። ወደ ተበጠሰው ቦታ የሚያደርሰው ቢአርሲኤ2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ከትውልድ ተበላሽቶ ሲመጣ የጡት ካንሰር አደጋ ይጨምራል። አክስቴን የምታውቋት ይሄን ነገር ለምን መተው እንዳቃተኝ ይገባችኋል።

"እማዬ፣ ይሄን የምትሠሪውን እኮ ባክቴሪያም ይሠራዋል" አልኳት። ከመቀሱ ጀምሬ ነገርኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ። "ታዲያ ከጎኑ አምሳያው ከሌለ ምን ሊቀዳ ነው?" አለች። ይሄን ጥያቄ ከአማካሪዬ በቀር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ እጇ ቆመ። "ነይ እዪ።"

ደህናው ጫፍ ላይ ሸማኔው አንድ ቀይ ክር ዘሏል። ስንት ዓመት ለብሳዋለች፣ አይታው አታውቅም። እኔም አላየሁትም። ጥፍሯን አስጠግታ አሳየችኝ፣ ቀይ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ነጩ ብቻውን ያልፋል።

"አሁን እንዳለ ልቅዳው ወይስ ላቃናው?"

ባክቴሪያው ቤት ይሄ አይጠየቅም። ከጎን ያለው ቅጂ ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚያቆም የለም፣ ዲኤንኤ የሚቀዳው ፕሮቲን፣ ፖሊሜሬዙ፣ ያገኘውን ይገለብጣል። እማዬ ግን መርፌዋን ይዛ ፊት ፊቴን አየችኝ። በረካው ተቀዳ፣ ተጠጣ፣ ጎረቤቶች ሄዱ። እስካሁን አልመለስኩላትም። ነጠላው ወንበሩ ላይ እንደታጠፈ ነው፣ መርፌው እንደተሰካበት። ጠዋት ስትነሳ ደግማ ትጠይቀኛለች።

ምን ልበላት?