በአፍንጫዬ የፈረሰው ግንብ

ካሜራ ፊት ቆሞ እጅን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ ስክሪን ላይ ብሎክ የሚደረድሩበት ጨዋታ ነው። ልጄ ብሎኮቹን እስከ ስክሪኑ አናት ደርድራ ደርድራ «አባዬ፣ የመጨረሻዋን አንተ አስቀምጣት» አለችኝ። ክብር ነው እኮ! ቀይዋን ብሎክ አየር ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ጫፉ ላይ አሳርፌ ለቀቅኳት። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ አፍንጫዬን በላኝ።

አከክሁት። ግንቡ ተናደ።

ፕሮግራሙ እጅን የሚከታተለው በ21 ነጥብ ነው፤ አንዱ የእጅ አንጓ ላይ፣ የቀሩት በየጣቱ አራት አራት። የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ጫፍ ተቀራረቡ ማለት ለእሱ ብሎክ ተያዘ ማለት ነው። ማን ምን ሊያክ እንደሄደ አይጠይቅም። የአፍንጫዬ ከፍታ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ልክ የግንቡ ወገብ ሆኖ ተገኘ። ከመሃል አንዲት ሰማያዊ ብሎክ ቆንጥጬ ኖሮ እጄን ሳወርድ አብራኝ ወረደች፤ ከላይዋ ያሉት ሁሉ ተከተሏት።

«አባዬ፣ በአፍንጫህ አፈረስከው!»

ከዚያ ወዲህ ይህ አፍንጫ ሰላም የለውም። ጨዋታ ሊጀመር ሲል «አሁን አልበላህም?» ተብዬ እጠየቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ እሱ ይተዋወቃል። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ሥዕል ግንቡ ጉልበቴ ጋ ነው የሚደርሰው፤ አፍንጫዬ ግን ወረቀቱ አልበቃው ብሎ ሌላ ወረቀት ተቀጥሎለታል።

የሚያንገበግበኝ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር መሆኑ ነው። እጅ ፊት ላይ ሲያርፍ ቁንጥጫ አይቁጠር፣ አለቀ። ለመያዝና ለመልቀቅም አንድ የርቀት ልክ ብቻ ከተቀመጠ ጣት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ብሎኩ ይያዛል፣ ይለቀቃል። ሁለት ልክ ያስፈልጋል፦ ጣቶቹ ሊነካኩ ሲደርሱ መያዝ፣ በደንብ ሲራራቁ መልቀቅ። ርቀቱም በፒክስል (በምስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች) ሳይሆን ከመዳፍ ስፋት አንጻር ይለካ፤ አለዚያ ከካሜራው ራቅ ያለ የሕፃን እጅ ሁልጊዜ የቆነጠጠ ይመስላል። ከጀርባ መስኮት ካለ ደግሞ መጋረጃው ይዘጋ፤ እጁ ጥላ ብቻ ሆኖ ነጥቦቹ ይዘላሉ።

ሙዚቃውስ? ለማጥፋት መዳፍን ዘርግቶ ማጥፊያው ምልክት ላይ 3 ሰከንድ ማቆየት ነው። ምልክቱን ያስቀመጡት የስክሪኑ ጥግ ላይ! እጅ እዚያ ሲደርስ ግማሹ ከካሜራው እይታ ይወጣል፣ ነጥቦቹ ይጠፋሉ፣ ቆጠራው እንደገና ከ1 ይጀምራል። ክንዴ እስኪዝል ተገትሬ ታገልኩ። አሁንም እየዘፈነ ነው።