የአኻያ ጉቶ

ከቀበና ወንዝ ዳር የቆረጥኳት የአኻያ ቅርንጫፍ፣ አራት ኪሎ ባለው ቤቴ መስኮት ላይ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠች ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው። ከታችኛው ጫፏ ነጫጭ ሥሮች እንደ ክር ወርደዋል፤ ከላይም ሁለት እምቡጥ ፈንድቷል። አኻያንና ፖፕላር የተባለውን ዘመዱን ዛፍ ለማገዶ ኃይል እንደ ሰብል የማልማት ሥራ መሠረቱ ይኸው በቀላሉ ሥር የመስደድ ጠባይ ነው።

ስዊድን ወደዚህ ልማት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ ነበር። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ቁርጥራጮች በሄክታር ከ10,000 እስከ 15,000 ያህል ይተከላሉ፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ግንዱ ከሥሩ ተቆርጦ ጉቶው ብዙ ቀንበጥ እንዲያቆጠቁጥ ይደረግና፣ በየሦስት ዓመቱ ገደማ እየታጨደ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ፖፕላርም ያቆጠቁጣል፤ ጥቂትና ወፈር ያሉ ግንዶች ስለሚያወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይታጨድ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ስለ ምርቱ ብዛት ሲነገር እርጥበቱ መረሳት የለበትም። ገና የተቆረጠ አኻያ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ በመሆኑ፣ ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ከፊሉ ያንኑ ውሃ በማትነን ይባክናል። በልጅነቴ እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ እፍ ስል ዓይኔ እያለቀሰ የተማርኩት ትምህርት ነው።

ከጉቶ ማቆጥቆጥን አዲስ አበቤ ከማንም መማር አያሻውም፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያሳየው ኖሯል። ይሁን እንጂ ቀጥ ያለው ግንድ ለሕንፃ ሥራ አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ ለምጣዱ የሚተርፈው ሴቶች ከእንጦጦ በጀርባቸው የሚያወርዱት ቅጠልና ጭራሮ ነው። እንግዲህ በእኔ ግምት የአኻያ ጥቅሙ ጉድለቱ ነው፤ ጎባጣና ቀጭን ስለሆነ አናጢው አይሻማንም።

ሌላው ጉዳይ ውሃ ነው። አኻያ ብዙ ይጠጣል፤ በስዊድኗ ኤንሸፒንግ ከተማ ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣ ውሃ የአኻያ ማሳ ያጠጣል፣ እንጨቱም ለከተማዋ ማሞቂያ ይነዳል። እኛ ቤት ማሞቅ አያስፈልገንም፤ እንጀራ መጋገር ግን ያስፈልገናል፣ ቆሻሻ የተሸከመ ወንዝም አላጣንም። የቀበናው አኻያ በምርምር ከተሻሻሉት የአውሮፓ ዝርያዎች የተለየ ስለሆነ፣ የእነርሱን ምርት እዚህ ይገኛል ብሎ ማስላት ግን ስሕተት ነው።

ትናንት ቅርንጫፏን የት ልትከላት ብዬ የግቢያችንን ዘበኛ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ለጥላ ነው?» አሉኝ። ለማገዶ ነው ስላቸው ሳቁና፣ ከውሃ ቧንቧው ርቆ ያለውን ጥግ በከዘራቸው አሳዩኝ።