አማች የለኝም

ቤሩት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ማዳም «ጂቢ!» አለችኝ። ጅብ ያለችኝ መስሎኝ አኮረፍኩ። መንዝ ላደገ ሰው ጅብ መባል ቀላል ስድብ አይደለም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጂቢ ማይ!» ስትል ነው የገባኝ። ማይን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፤ በግዕዝም ውኃ ናት። ለካ «ውኃ አምጪ» ነው የምትለኝ። ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኳት።

ያኔ 28 ዓመቴ ነበር። ዓረብኛው ብዙም አልከበደኝም፤ ቤት በይት ነው፣ ራስም ያው ራስ ነው። አሁን 39 ሆኖኛል። ሸዋ ሮቢት ማሾ እነግዳለሁ፣ ያንኑ ደብተር ከኋላው ገልብጬ ኦሮምኛ ጀምሬበታለሁ።

እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ እወርዳለሁ። ሻጮቹ አማርኛ ይችላሉ። ዋጋ የሚመካከሩት ግን በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እንደ ከረጢቱ ተገትሬ እጠብቃለሁ።

አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። የኦሮምኛው ቃል ሲጠፋኝ ሮጦ የሚመጣው አማርኛ አይደለም፣ ዓረብኛ ነው። አንዱን ጎረምሳ «ሜቃ?» ብዬ ዋጋ ልጠይቀው ስል «አዴሽ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ጂዳ ኖሮ የመጣ ነው ለካ! «እኛ ጋ በከም ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። የዚያን ቀን ማሾ የገዛሁት በዓረብኛ ተከራክሬ ነው።

ትልቁ ጉድ ግን የደብተሩ ነው። የምጽፈው በፊደል ነዋ። በፊደላችን የሚጠብቀውም የሚላላውም አንድ ነው፤ «አለ» ተናገረም ይሆናል፣ ይገኛልም ይሆናል። በአማርኛ ችግር የለም፣ አፋችን ያውቀዋል። በኦሮምኛ ግን አፌ ምን ያውቃል? ሶዳ ፍርሃት ነው። ዳው ሲጠብቅ ደግሞ አማች ይሆናል። በቁቤ አንዱ በአንድ ዲ፣ ሌላው በሁለት ዲ ይጻፋል። እኔ ደብተር ላይ ሁለቱም ሶዳ ናቸው። ቁቤ በ1984 በይፋ ሲጀመር እኔ መንዝ ግልገል እጠብቅ ነበር፣ ማን ያስተምረኝ?

ባለፈው እሑድ ከአንድ አዛውንት ሁለት ኩንታል ገዛሁ። ብር ስቆጥር አይተው በኦሮምኛ «ይሄን ሁሉ ይዘሽ ብቻሽን ስትሄጂ አትፈሪም?» አሉኝ። ስለገባኝ ደስ አለኝ። ኮራ ብዬ «ሶዳ ሂንቀቡ» አልኩ። ዳዋን ጥብቅ አድርጌ።

አጠገባችን ያሉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «ፍርሃት የለኝም» ማለቴ ነበር። ያልኩት «አማች የለኝም» ነው።

አዛውንቱ አልሳቁም። የከረጢቱን አፍ ረጋ ብለው ሰፍተው ጨረሱና በአማርኛ «ልጅስ አለኝ» አሉኝ። «ከብት ሊያጠጣ ወርዶ ነው። ትንሽ ብትጠብቂ?»

ደብተሩን በቁቤ መገልበጥ ጀምሬያለሁ። አርባ ገጽ ነው። እስከ እሑድ የሚያልቅ አይመስለኝም።