«ሀበነ ንኅበር» ብለን ለምነን ነበር፤ ተሰማ

ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት የተጸለየ ጸሎት እንደሚሰማ ለመመስከር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቅዳሴ ሐዋርያትን ተራ አስታውሱ። ፍሬ ቅዳሴው፣ ማለትም የቅዳሴው ዋና ክፍል፣ እንደተጀመረ ዲያቆኑ «በእንተ ብፁዕ ወቅዱስ» ብሎ የፓትርያርኩንና የሀገረ ስብከቱን ሊቀ ጳጳስ ስም ይጠራል። ቆየት ብሎ፣ ኅብስቱና ጽዋው ከተባረኩ በኋላ፣ ካህኑ «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ ወፈውሰነ በዝንቱ ጵርስፎራ» ሲል ሕዝቡ ያንኑ ተቀብሎ ይደግመዋል። በአንተ መንፈስ ቅዱስ አንድ እንድንሆን ስጠን፣ በዚህም ቍርባን ፈውሰን ማለታችን ነው።

ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ለየብቻ ያስቀደሰን የመጀመሪያው ቦታ፣ የፓትርያርኩ ስም የሚጠራበት ነው። በ1980 ዓ.ም. 4ኛ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ 5ኛ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ደብር የሚጠራው ስም በሌላው አይጠራም ነበር። በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደቱ ሲኖዶስ እና «ገለልተኛ» የሚባሉ አጥቢያዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ወንድማማቾች በሁለት ደብር ይቈርቡ ነበር፤ ሰርግና ክርስትና በመጣ ቁጥር «የትኛው ቤተ ክርስቲያን?» የሚል ክርክር ይነሣ ነበር። ነገር ግን «ሀበነ ንኅበር» ሳይባል የተቀደሰበት አንድም ወገን አልነበረም። የተወጋገዙት ሁሉ በየሰንበቱ አንድ ልመና ወደ አንድ አምላክ ያቀርቡ ነበር። እግዚአብሔር የሰማው ይህን ነው።

መልሱ ቶሎ አልመጣም፤ ይህንም አብረን መመስከር አለብን። አቡነ ጳውሎስ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ2005 ዓ.ም. በዳላስ የተደረገው የዕርቅ ውይይት ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፤ በየካቲት 24 ቀን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ 6ኛ ፓትርያርክ ሆኑ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጠ። ቅዳሴው ግን ልመናውን አላቋረጠም፤ የጽሑፍ ጸሎት በረከቱ ይኸው ነው፤ ልባችን ቢዝልም አፋችን ይለምናል። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ በዋሽንግተን ዲሲ የሁለቱ ሲኖዶስ አባቶች ስምምነቱን ፈረሙ። ቃለ ውግዘቱ በሁለቱም ወገን ተነሣ። ሐምሌ 25 ቀን አቡነ መርቆሬዎስ አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱም አባቶች በፓትርያርክ ክብር እንዲኖሩ፣ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን እንዲመሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ ተወሰነ። የሁለቱም ስም በቅዳሴ አብሮ ተጠራ። ያ ሲያለያየን የኖረ ቦታ መጀመሪያ የተፈወሰው ቦታ ሆነ!

የውግዘት መነሣት መቅደስ ውስጥ ምን እንደሚለውጥ ውጭ ላለ ሰው ላይታይ ይችላል። ቅዳሴ ለመግባት ከ5 ልዑካን ማነስ የለበትም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በአንዲት ከተማ ሦስት ትናንሽ አጥቢያ ሲኖር አንዱ ቄስ ከታመመ ወይም ዲያቆኑ የሥራ ፈረቃ ከገጠመው ቅዳሴው ይታጎላል። ጎረቤት ደብር ካህን እያለ መጥራት አይቻልም ነበር፤ ተወጋግዘው ነበርና። ከሐምሌ 2010 ወዲህ ግን መጠራራት ተቻለ። የዕርቁ የመጀመሪያ ፋሲካ ሚያዝያ 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ተብሎ ሲታወጅ መጨረሻው «እምይእዜሰ ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» ነውና፣ «ከእንግዲህስ ደስታና ሰላም ሆነ» የሚለው በሁለቱም ወገን ሰው አፍ የእውነት ሆነ። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. በአገራቸው አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በስደት የወጡት አባት በመንበራቸው አገር ማረፋቸው ለብቻው የሚመሰከር ምሕረት ነው።

ይህን ጸሎት ዛሬም መያዝ ለሚፈልግ፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚመቸው ጊዜ ከሰሙነ ሕማማት እስከ በዓለ ሃምሳ፣ ማለትም ከትንሣኤ በኋላ እስካሉት ሃምሳ ቀናት፣ ያለው ነው። የሳምንቱ የምንባብ መጽሐፍ፣ ግብረ ሕማማቱ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በነግህ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ይነበባል፤ ስግደቱም በየሰዓቱ ነው። በአንድ ደብር አቅም ይህን ሁሉ መሸፈን ከባድ ነው፤ በውጭ አገር ሕማማት የሥራ ሳምንት ስለሆነ ብዙ ቦታ ንባቡ ማታ ላይ ተጨፍልቆ ይነበባል። ሁለት አጥቢያዎች ሰዓቱን ቢከፋፈሉት፣ አንዱ የጠዋቱንና የ3 ሰዓቱን፣ ሌላው የቀረውን ቢይዝ፣ ምንባቡ ሳይቆረጥ ይደርሳል፤ ሕዝቡም አብሮ ይሰግዳል። አብሮ የሰገደ ሰው ለመጣላት ይከብደዋል።

በዚህ ሳምንት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በሕማማት መሳሳምና በመስቀል መባረክ የለም፤ ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠው። ይህን ሥርዓት ለቂም መሸፈኛ የሚያደርገው ሰው ጥቂት አይደለም፤ የተጣላውን ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ «ሕማማት ነው» ይላል። ሥርዓቱ የከለከለው ሰላምታን እንጂ ዕርቅን አይደለም። ስለዚህ የተጣላ ሰው ከሆሳዕና በፊት፣ ቢዘገይ ከጸሎተ ሐሙስ በፊት ይታረቅ። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነገር ከሆነ በሕማማት ውስጥ አይጀመርም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል። ሰዉ ደክሞ፣ ጾሙ ጸንቶበት ባለበት ሰዓት የቆየ ቁስል መክፈት ብዙ ጊዜ ጠቡን ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም።

ሐሙስ ሕፅበተ እግር አለ። ውኃው በወይራና በወይን ቅጠል ይዘጋጃል፤ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። ቅዳሴው በዝግታ ድምፅ ነው፤ በቃጭል ፈንታ ጸናጽል ይሰማል። አንድነት የሚለምን ማኅበር ከዚህ የሚበልጥ ሰዓት አያገኝም፤ ምክንያቱም በዮሐንስ ወንጌል እግር የታጠበባት ሌሊትና «ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ» የተባለባት ሌሊት አንዲት ናት፤ ምዕራፍ 13ንና ምዕራፍ 17ን በአንድ ቁጭታ ማንበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በቀዳም ሥዑር፣ በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ደግሞ ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» እያሉ ቄጠማ ያድላሉ፤ በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፣ ትንሣኤውን ገለጠ ማለት ነው። ሰላሙ ከትንሣኤው በፊት ተጠርቷል፤ ሰላም ሳናደርግ ትንሣኤን ማክበር እንደማንችል ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም። ቄጠማ በማይገኝበት አገር ቀጭን ለምለም ሣር ይበቃል።

የተሰማ ጸሎት አለን ስንል ቁስል የለም ማለታችን አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በተፈጸመ ሢመተ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያን ዳግመኛ ልትሰነጠቅ ደርሳ ነበር፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ሲኖዶሱ ምእመናን የነነዌን ሦስት ቀን ጥቁር ለብሰው እንዲጾሙና እንዲጸልዩ ጠራ፤ ሕጻን ሽማግሌው በየደብሩ አለቀሰ። ጾሙ የካቲት 1 ቀን አለቀ፤ የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ። ይህንም በምስክርነት እንጽፈዋለን። ከትግራይ አባቶች ጋር ያለው መለያየት ግን የጦርነት ደም ያለበት ነው፤ «ታረቁ» በሚል አንድ ቃል አይድንም። እዚያ ያሉ እናቶች የቀበሩትን ሳናስብ አንድነት ብንለምን ልመናችን ጎዶሎ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የሚጸልይ ሰው መጀመሪያ ስለ ሟቾቹ ይጸልይ፣ ቀጥሎ ስለ ይቅርታ፣ አስተዳደሩን መጨረሻ ያድርገው።

ለዚህ የተሰጠ ቀንም አለ። ትንሣኤን ጨምሮ ሲቈጠር በ25ኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ርክበ ካህናት ነው፤ በዚያ ሰሞን የቅዱስ ሲኖዶስ ምልዓተ ጉባኤ ይሰበሰባል። የአባቶች ስብሰባ ዜናው ከወጣ በኋላ ማማት ቀላል ነው፤ ከመጀመሩ በፊት መጸለይ ይሻላል። በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም፤ ስለዚህ የሕማማቱን አኳኋን አትድገሙት። ቆማችሁ፣ እጅ ዘርግታችሁ፣ ዮሐንስ 17ን አንብቡ፤ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ ከዚያ ቅዳሴ ላይ እንደምትሉት «ሀበነ ንኅበር» በሉ። የተቀየማችሁት ሰው ካለ ስሙን በልመናችሁ ውስጥ ጥሩት፤ ክርስትና ስሙን የማታውቁት ከሆነ ሰው በሚጠራው ስሙ ይበቃል።