ነጠላ ሳይቃጠል ፎቶ ማንሳት፦ የኮርስ ማጠቃለያ ሥራዬ እስካሁን

ባለፈው ቅዳሜ ዘጠነኛውን ፎቶ ጨረስኩ። የአያቴ ነጠላ ሽመናው ሳይጠፋ፣ ፊቷም ሳይጠቁር ወጣልኝ። ሁለት ወር ፈጅቶብኛልና ደስታዬን ላካፍላችሁ።

የፎቶግራፍ ኮርሳችን ማጠቃለያ ሥራ አንድ የታወቀ ፎቶ አንሺ መርጦ፣ ከሱ ሥራ ተነስቶ 12 ፎቶ ማንሳት ነው። ከክፍላችን ብዙዎቹ አይዳ ሙሉነህን መረጡ። እኔ የማሊውን ሴይዱ ኬይታን ያዝኩ። ኬይታ ባማኮ ውስጥ አናጢነት ተምሮ ያደገ ሰው ነው። በ1935 አጎቱ ትንሽ ኮዳክ ብራውኒ ካሜራ ሰጡት፣ በ1948 ስቱዲዮ ከፈተ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ግቢው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ያነሳ ነበር። ፊልሙ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ውድ ስለነበር ለአንድ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚያነሳው። ከሰዎቹ ጀርባ የሰቀለው የመጀመሪያው ጨርቅ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ጨርቁን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር፣ በኋላ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ የሚለየው ጨርቁን አይቶ ነው። ይሄን ሳነብ ነው የቆረጥኩት። የአልጋ ልብስማ እኛም ቤት አለ።

መጀመሪያ አካባቢ የሠራሁት ብዙ አያስወራም። መርካቶ ሄጄ አበባ ጨርቅ ገዛሁ፣ ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተዋስኩ፣ የጎረቤት ልጆችን አነሳሁ። ጥሩ ወጡ። ከዚያ ተራው የአያቴ ሆነ።

የኬይታ ሰዎች አብዛኞቹ አበባና መስመር ያለበት ልብስ ለብሰው ነው የሚታዩት። እኛ ሰፈር ግን "ፎቶ ላነሳሽ ነው" ስትባል ከቁም ሣጥን የምትወጣው ነጯ ናት። ካሜራ ደግሞ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይለካል። ነጠላው ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የአያቴ ፊት ይጠቁራል። ለፊቷ ብዬ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፤ ባዶ ነጭ ይሆናል። ሽመናው ጠፍቶ ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። የተቃጠለ ነጭ በላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው) አይመለስም፤ ግራጫ ይቀባበታል እንጂ ክሩ ተመልሶ አይመጣም።

ፀሐዩን ለመከለል ሰማያዊ ሸራ ወጠርኩ። ይሄ ትልቁ ስህተቴ ነው። ከላይ ትከሻዋ ላይ የሚወርደው ብርሃን ሰማያዊ ሆነ፣ ከፊት ከግቢው አፈር የሚነሳው ቢጫ። ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የካሜራ ማስተካከያ) ለነጠላው ሳስተካክል ፊቷ ብርቱካን ይሆናል፣ ለፊቷ ሳስተካክል ነጠላው ውሃ ሰማያዊ። ነጭ ልብስ ግቢው ውስጥ ያለውን ቀለም ሁሉ ይቀበላል።

ሸራውን አንስቼ በግድግዳው ጥላ ሳስቀምጣት ግራ ትከሻዋ ብቻ ይቃጠል ጀመር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሌንሱን ስጠረጥር ከረምኩ። በሦስተኛው ካሜራውን አስቀምጬ እሷ ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። የጎረቤታችን አዲስ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ እሱ ላይ ታርፍና ቀጥታ ወደ ወንበሩ ትመለሳለች። አስፈቅጄ አጥሩ ላይ ጋቢ ሰቀልኩበት። ብርሃኑ አልጠፋም፣ ለስልሶ መጣ። ያ ጎን አሁን ከሁሉም የምወደው ሆኗል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ካሜራውን ማንዋል ላይ (ሁሉንም በእጄ የማስተካክልበት) አድርጌ፣ በስፖት ሜትሪንግ (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው) ከነጠላው እጥፋት በጣም ደማቁን እለካለሁ፤ ከዜሮ በላይ ሁለት ስቶፕ ገደማ እንዲያሳይ አደርጋለሁ። ሂስቶግራሙ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጠርዙን ከነካ ትንሽ እቀንሳለሁ። ከዚያ ኤክስፖዠሩን አልነካም፤ ፊቷ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ወንበሩን ነው የማዞረው፣ ወደ ክፍቱ ሰማይ። ፋይሉ የግድ ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ) ይሁን። "ፊት ለካ፣ ልብሱ የራሱ ጉዳይ" የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ሰጥቶኛል፤ አልቀበለውም። የዚህን ነጠላ ማግ የፈተለችው ራሷ አያቴ ናት። ክሩ እኩል አይደለም፣ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ያ ካልታየ ማንን አነሳሁ?

ጥቁርና ነጭ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ) ጭኖ "በኬይታ ስልት" ማለትንም እቃወማለሁ። ግን እኔም ከዚያ ያልተሻለ ነገር አድርጌአለሁ። ኬይታ ስቱዲዮው ውስጥ ደንበኞቹ ይዘውት የሚነሱት ሬድዮ ስለነበረው፣ እኔም አሮጌ ሬድዮ ተውሼ አያቴ ጎን አስቀመጥኩ። ፎቶው ምንም ነፍስ አልነበረውም። እሷው ናት ያዳነችኝ፦ "ይሄ ሬድዮ የማን ነው? ይልቅ ደብተሬን አምጪልኝ።" የእድሩን ገንዘብ የምትይዘው እሷ ናት። ደብተሩ በጋዜጣ የተለበጠ ነው፣ ጥጉ በጣቷ ወዝ ጠቁሯል። ጉልበቷ ላይ ስታስቀምጠው ወገቧ ቀና አለ።

ለአንድ ሰው ከሦስት ፎቶ በላይ አላነሳም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። አያቴ ላይ አልጠበቅኩትም፤ ስልሳ ምናምን ጊዜ አነሳኋት። የመረጥኩት ደብተሩን ከያዘች በኋላ ያለውን ሁለተኛውን ነው። የቀሩት ሲነሱ ደክሟት ነበር፤ እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ሦስት ይቀሩኛል። የፊታችን ቅዳሜ የሚነሱት ጎረቤታችን ሐዘን ላይ ስለሆኑ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው የሚለብሱት፤ አበባውን ጨርቅም አልፈልግም ብለዋል። ያለኝ ግራጫ ብርድ ልብስ ነው። ጥቁር ልብስ ለብሶ የተቀመጠ ጠይም ሰው በጥላ ውስጥ ያነሳችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የለካችሁት የቱን እንደሆነ ጻፉልኝ።